ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቴአትር መድረክ፤ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ

በ1965 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ከጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ ጣታችንን እያደነዘዘው በግቢው ውስጥ ተሰልፈን ባንዲራ ሲወጣ ብሔራዊ መዝሙሩን እንዘምር ነበር። መዝሙሩን ማን እንደጻፈው የነገረን መምህር ግን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። እኔማ የመንግሥት መዝሙር ስለሆነ መንግሥት የሚባለው ነገር ራሱ ቁጭ ብሎ የጻፈው ይመስለኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዘውዱ ወረደ፣ መዝሙሩም አብሮ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ጮክ ብሎ የሚዘምረው ሰው አላጋጠመኝም።

በደርግ ዘመን፣ የኪነት ቡድኖች በየአውራጃው እንደ እንጉዳይ በፈሉበት ወቅት፣ እኔም ልጅነት አታሎኝ ለመመዝገብ አሰብኩ። ድምፄ ደህና ነበር፤ ግጥምም እሞካክር ነበር። አባቴ ግን ድጓ የዘለቁ፣ ቅኔ የተቀኙ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩና ነገሩን ሲሰሙ ለሦስት ቀን አላናገሩኝም። የእሳቸው ልጅ በመድረክ ላይ ወጥቶ ሲዘፍን ከሚያዩ ሞት ይሻላቸው ነበር። እሳቸውን ላለማስቀየም ብዬ ተውኩት። ዛሬ የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ነው። አልተራብኩበትም፤ ነገር ግን ቴአትር ቤት በገባሁ ቁጥር አንድ ነገር ሆዴን ቆንጠጥ ያደርገዋል።

ይህን ሁሉ መዘርዘሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው ያ በልጅነቴ የዘመርኩት መዝሙር ባለቤት እንዳለው ያወቅሁት። የግጥሙ ደራሲ የእኛው አገር ሰው፣ ያውም እንደ አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ኖረዋል! ከዚህም በላይ የሚያስገርመው፣ ዜማና ግጥምን ከተውኔት ጋር አዋሕደው ለከተሜው ተመልካች ካቀረቡት ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዱ እሳቸው ናቸው። አባቴ ለእኔ የከለከሉትን መንገድ ከእኔ ግማሽ ምዕት ዓመት በፊት አንድ ባለ ቅኔ ሄዶበታል ማለት ነው።

ዮፍታሔ የተወለዱት በ1880ዎቹ በጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው ደብረ ኤልያስ ነው። ደብረ ኤልያስ ቅኔና ዜማ ፍለጋ ተማሪዎች ከሩቅ የሚመጡበት ደብር ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉልን ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። ዮፍታሔ በዚያ የአብነቱን ትምህርት ቀስመው ወደ አዲስ አበባ ዘለቁ። ቀኝ ጌታ የሚለው ማዕረግ ራሱ የማኅሌት ማዕረግ ነው። በቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተከፍለው ሲቆሙ የቀኙን ወገን የሚመራው ቀኝ ጌታ፣ የግራውን የሚመራው ግራ ጌታ ይባላል።

እስቲ አንድ ጊዜ ማኅሌት የቆማችሁ ወይም ቆማችሁ ያዳመጣችሁ አንባቢያን አስቡት። አንዱ ወገን ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል። መቋሚያው ይወዛወዛል፣ ጸናጽሉ ይመታል፤ ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምርና እየፈጠነ፣ እየጋለ ይሄዳል። ተራ አለ፣ እንቅስቃሴ አለ፣ ግጥምና ዜማ አለ። ይህን ስል ማኅሌት ቴአትር ነው ማለቴ አይደለም፤ ማኅሌት ጸሎት ነው። ነገር ግን እዚያ ውስጥ ያደገ ሰው ዜማን ከንግግር፣ ንግግርን ከእንቅስቃሴ እንዴት እንደሚያጋጥም ለመማር ወደ ፈረንጅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። በዚህ ላይ ሰምና ወርቁን ጨምሩበት። ተውኔት በሰም አሥቆ በወርቅ መናገር መቻል አይደለምን?

ዮፍታሔ አዲስ አበባ በደረሱበት ዘመን ቴአትር ገና ስሙ የማይታወቅ እንግዳ ነበር። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን አሳይተው፣ በአውሬ ተመስሎ የቀረበው ትችት ቤተ መንግሥቱን ስላስቆጣ ሥራው ታገደ። ቴአትር እንደገና ቀና ያለው ንግሥት ዘውዲቱ በ1922 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት መምህር የነበሩት ዮፍታሔ ተማሪዎቻቸውን አሠልጥነው ወደ መድረክ ያወጡ ጀመር።

በዚህ ጊዜ ነው ሁለት ሩቅ ለሩቅ ያሉ ሰዎች የተገናኙት። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ 40 አርመናውያን ልጆች ማርሽ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ አድርገው ነበር። የእነዚህ «አርባ ልጆች» የሙዚቃ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን የመዝሙሩን ዜማ ሠሩ፣ ዮፍታሔ ግጥሙን ጻፉ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የነገሡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እስከ 1966ቱ ለውጥ ድረስ በዚሁ መዝሙር ሲከበሩ ኖሩ። አንድ የጎጃም ባለ ቅኔና አንድ አርመናዊ ስደተኛ ለአንድ አገር ድምፅ ሰጧት ማለት ነው።

የተውኔቶቻቸውን ርእሶች ብቻ ማየት የሰውየውን ጭንቀት ይናገራል፤ «ጥቅም ያለበት ጨዋታ»፣ «የሆድ አምላኩ ቅጣት»፣ «እያዩ ማዘን»። ሥራዎቹ በግጥም የተጻፉ፣ ምክርና ተግሣጽ የበዛባቸው ነበሩ። ዛሬ ብናያቸው ንግግራቸው ይረዝምብን ይሆናል። ተመልካቹን የያዘው ግን ዜማው ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ምሳሌው ቢያመልጠው መዝሙሩ አያመልጠውም፤ ቤቱ ሲገባ እያንጎራጎረ ይገባል። በኋላ በሀገር ፍቅር መድረክም የሆነው ይኸው ነው። የጣልያን ወረራ በተቃረበበት በ1927 ዓ.ም. መኰንን ሀብተ ወልድ ያቋቋሙት የሀገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን የቀሰቀሰው በንግግር ብቻ ሳይሆን በቀረርቶ፣ በግጥምና በዘፈን ነበር። ከነፃነት በኋላም ዘፈኑና ተውኔቱ በአንድ ትኬት፣ በአንድ መድረክ ሲቀርቡ ብዙ ዘመን ኖሩ። ለዘፈኑ የመጣው ተውኔቱን አይቶ ይሄዳል፤ ለተውኔቱ የመጣውም እስክስታውን ሳያይ አይወጣም።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ ልብ በሉ። ናይጄሪያዊው ሁበርት ኦጉንዴ እ.ኤ.አ. በ1944 ሌጎስ ውስጥ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ባዘጋጀው ሙዚቃዊ ተውኔት ጀምሮ የዮሩባ ተጓዥ ቴአትር አባት ተብሏል። የእኛው ዮፍታሔ ከማኅሌት ተነሥተው መድረክ ላይ የወጡት ከእሱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድመው ነው። ለኦጉንዴ የናይጄሪያ ልጆች የሚሰጡትን ስፍራ እኛ ለዮፍታሔ ሰጥተናል ወይ? መልሱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ጣልያን ሲገባ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በጎጃም በረሃና ቆላ አርበኛው ሲዋጋ እሳቸው ከድንበሩ ማዶ የአገራቸውን መከራ እያሰቡ ኖሩ። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ስሙ ጎልቶ የሚጠራው «አፋጀሽኝ» የሚያነሣው ይህንኑ የወረራ ዘመን ነው። ርእሱ ለሴት የሚነገር ቃል ነው። ሴቲቱን ሴት ብቻ አድርጎ የሰማ ሰሙን ይዞ ይሄዳል፤ አገር አድርጎ የሰማ ግን ወርቁን አገኘ። ስለ እሷ ሲሉ ልጆቿ ተፋጁ፤ አንዱ ተሰደደ፣ አንዱ ጫካ ገባ፣ አንዱ ለጠላት አደረ።

ዮፍታሔ ከነፃነት በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ። መዝሙራቸው ግን እሳቸው ከሞቱ በኋላ 27 ዓመት ያህል በየትምህርት ቤቱ ሲዘመር ቆይቶ ዘውዱ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። ለመድረክና ለአፍ የተጻፈ ጽሑፍ ዕጣው ይህ ነው፤ የሚዘምረው አፍ ሲዘጋ እሱም ይዘጋል። ደግነቱ ባለ ቅኔው ዮሐንስ አድማሱ ሕይወታቸውንና ሥራቸውን አጥንቶ ባይጽፍልን ኖሮ ዛሬ የምናውቀው እጅግ ባነሰ ነበር። ንጉሥን አመስግነዋልና ይረሱ የሚል ካለ፣ እኔ አልስማማም። በዘመኑ ንጉሥን ያላመሰገነ መድረክ ፋቡላ የደረሰበት ደርሶበታል። ሰውየው ባመሰገኑበት መድረክ ላይ ሆዳሙንና ሥራ ፈቱን መኳንንት ፊት መገሠጻቸውንም አብረን እንቁጠርላቸው።

ወደ አባቴ ልመለስና ላብቃ። አንድ የገና በዓል ደብረ ማርቆስ ሄጄ የዮፍታሔን ታሪክ አጫወትኳቸው። ለመኩራራት ሳይሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ለመወቃቀስ ነበር። ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያም ሰውየው ወደ መድረክ ሲሄዱ ዜማውን ጥለው ሄዱ ወይስ ይዘው ሄዱ ብለው ጠየቁኝ። ይዘው ነው የሄዱት አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ እንግዲያው አልጠፉም ማለት ነው ብለው ወደ ሌላ ጨዋታ ተሻገሩ። ይቅርታ መጠየቃቸው ይሁን አይሁን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልጠየቅኋቸውም። ለእኔ ግን በቂ ነበር።

ዛሬ በየቴአትር ቤቱ መጋረጃው ሳይከፈት ሙዚቃ የሚጠብቅ ተመልካች ሁሉ፣ ሳያውቀው የደብረ ኤልያሱን ቀኝ ጌታ እየጠበቀ ነው። ቢያንስ ስማቸውን እንወቅ።

ቸር ይግጠመን።