ሉዊ ካሚል ማያርና የምጣድ ኬሚስትሪ፦ አጭር የሕይወት ታሪክና ለወሎ ማሽላ ያለው አንድምታ

ጥሬ እህል እሳት ሲነካው ጣዕሙ ለምን እንደሚለወጥ ለመረዳት በር የከፈተው ሰው የምግብ ተመራማሪ አልነበረም። ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1878 በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በፖንታሙሶን ከተማ ተወለደ። ትምህርቱን በናንሲ ተከታትሎ በ1903 በሕክምና የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። ቀዳሚ ትኩረቱም የሽንት ኬሚስትሪና የኩላሊት ሕመም ነበር።

ስሙን ያስጠራው ሥራ ከሌላ ጥያቄ የተነሣ ነው። ሕያው አካል አሚኖ አሲዶችን አያይዞ ፕሮቲን የሚገነባበትን መንገድ ሲፈልግ፣ አሚኖ አሲድን ከስኳር ጋር በውኃ አዋሕዶ አሞቀ። ውሑዱ ቡናማ መልክ ያዘ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ወጣው። ውጤቱን በ1912 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። የፕሮቲንን አሠራር ምስጢር ባይፈታም፣ ግኝቱ ለሕክምናም ሆነ ለአፈር ብስባሽ ጥናት ፋይዳ እንዳለው ተገንዝቦ ነበር። በ1919 በአልጀርስ የሕክምና ፋኩልቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1936 በፓሪስ አረፈ። የአጸግብሮቱን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ያስቀመጠው አሜሪካዊው ኬሚስት ጆን ሆጅ ሲሆን፣ ይህም የሆነው በ1953፣ ማያር ከሞተ ከ17 ዓመታት በኋላ ነው።

ግኝቱ በየቤቱ ይታያል። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በዚያ ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። አጸግብሮቱ የሚፋጠነው ግን የእህሉ ገጽ ደርቆ ሙቀቱ 140 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። አንድ ዓይነት እህል ተቀቅሎ ንፍሮ ሲሆን መልኩ ብዙም ሳይለወጥ የሚበስለው፣ በምጣድ ሲቆላ ግን ቀልቶ መዓዛው ከደጅ የሚያውደው በዚህ ምክንያት ነው። የቡና ቁሌት ሽታም ከዚሁ ሂደት ብዙ ይወስዳል።

ይሁን እንጂ ጣዕሙ ዋጋ አለው። በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር በሰፊው የሚመረተው ማሽላ፣ ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለው ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ያንሰዋል። ላይሲን ደግሞ ከስኳር ጋር ለመዋሐድ ከሌሎቹ ይቀድማል። ስለዚህ መቁላቱ ሲጠነክር ከጥቂቱ ላይሲን ይቀነሳል። በ1973 የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሺህ የሚቆጠሩ የዓለም የማሽላ ዘሮችን መርምረው ላይሲናቸው ከፍ ያለ ሁለት ዘሮች ያገኙት ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ ከተሰበሰቡት መካከል ነበር። ከነዚህ አንዱን ገበሬው ወተት በጉንጬ ይለዋል። ፍሬያቸው የተጨማደደ፣ ምርታቸውም አነስተኛ ነው፤ ገበሬው ግን እሸታቸው ተጠብሶ ሲበላ ስለሚጣፍጥ ጠብቆ አቆያቸው።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ጣዕም ዘርን የሚያቆይ ኃይል መሆኑ ነው። ዘርን በምርት መጠን ብቻ የሚመዝን የማሻሻያ ሥራ እንዲህ ያሉትን ዘሮች ከማሳ ሊያስወጣ ይችላል። በአካባቢው ለሚሠራ የድኅረ ምረቃ ጥናት ተገቢው ጅማሬ፣ የእነዚህን ዘሮች እሸት ከመጠበሱ በፊትና በኋላ በላይሲን መጠኑ ማነጻጸር፣ ከንፍሮና ከቆሎ ጋርም ማስተያየት ይሆናል።