የለንደንን ሙታን የቆጠረው ባለሱቅ

በ1662 ለንደን ውስጥ አንድ ስስ መጽሐፍ ታተመ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጸሐፊው ሐኪም አልነበረም፤ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍም አልረገጠም። ጆን ግራንት ይባላል። እንጀራው በርቺን ሌን በተባለች ጠባብ መንገድ ላይ ክር፣ ቁልፍ፣ መርፌና ሪባን መሸጥ ነበር። መጽሐፉ የሚያወራው ግን ስለ ሞት ነው፦ በዚያች ከተማ በዓመት ስንት ሰው ይሞታል፣ በምን ይሞታል፣ ቁጥሩንስ ማመን ይቻላል ወይ?

ነርሲንግ የምንማር ልጆች ኤፒዲሚዮሎጂ ስንጀምር የግራንት ስም አንድ ስላይድ ላይ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ትምህርቱ ቶሎ ወደ ጆን ስኖውና ወደ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ይሻገራል፤ ሁለቱ ግን ከግራንት በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የመጡ ናቸው። እኔን ያስቆመኝ ባለሱቅ መሆኑ ነው። ክር የሚሸጥ ሰው ሙታን መቁጠር ምን አስጀመረው?

ግራንት የተወለደው አፕሪል 24 ቀን 1620 እዚያው ለንደን ነው። አባቱ ሄንሪ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ልጁንም በዘመኑ ልማድ ሙያ እንዲለምድ ነጋዴ ዘንድ አስገባው። ልጁ አድጎ የራሱን ሱቅ ከያዘ በኋላም መማር አልተወም፤ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ሱቁ እስኪከፈት ድረስ ላቲንና ፈረንሳይኛ ያጠና ነበር። ነጋዴዎች ሲጣሉ ለሽምግልና የሚጠሩት እሱን ነበር። በከተማዋ ምክር ቤት ተመረጠ፣ በከተማዋ ዘብ ጦር ውስጥም እስከ ሻለቃነት ደረሰ። እኛ ሰፈር ቢወለድ ኖሮ የእድር ዳኛ መሆኑ አይቀርለትም ነበር።

ከጓደኞቹ ሁሉ የሚቀርበው ዊልያም ፔቲ ነው። ፔቲ በኦክስፎርድ የአናቶሚ መምህር የነበረ ሐኪም ሲሆን፣ ዝናው የወጣው በ1650 አን ግሪን የተባለች ተሰቅላ ሞተች የተባለች አገልጋይ አስከሬኗ ለቀዶ ጥገና ትምህርት ሲመጣ መተንፈሷን አይተው እሱና ባልደረቦቹ ሕይወቷን ባተረፉ ጊዜ ነው። (ይህ ታሪክ ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።) ያኔ ሥልጣንና ሰው የነበረው ግን ነጋዴው ነበር፤ ፔቲን ለንደን በሚገኘው ግሬሻም ኮሌጅ በመምህርነት ያስቀጠረው ግራንት ነው። የተገኘው ቦታ የሙዚቃ መምህርነት ነበር፤ ፔቲም ሐኪም ነኝ ብሎ አልተግደረደረም።

የሱቁ አካባቢ የለንደን ንግድ እምብርት ነው። ከሱቁ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ በ1652 የከተማዋ የመጀመሪያ ቡና ቤት ተከፍቶ ነበር። ቡናው በየመን ወደብ በኩል የሚመጣ ነው፤ ከየመን ማዶ የማን አገር እንዳለ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ነጋዴዎች እዚያ እየጠጡ ስለ መርከብ፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ንጉሡ ያወራሉ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ የሚያወሩበት አንድ ወረቀት ይወጣል፤ እሱም ሳምንታዊው የሟቾች ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ ከ1603 ጀምሮ በየሳምንቱ ሳይቋረጥ ይታተም ነበር። በየአጥቢያው ስንት ሰው እንደተቀበረ፣ ስንት ሕፃን እንደተጠመቀ፣ ሟቾቹ በምን በምን እንደሞቱ ይዘረዝራል። ሀብታሙ የሚገዛው ቸነፈር ከጨመረ ከከተማ ለመውጣት ነው፤ ነጋዴው የሚገዛው ገበያው ይቀዘቅዝ እንደሆነ ለመገመት ነው፤ ሌላው ለወሬ ነው። አንብበው ይጥሉታል። ግራንት ግን የድሮዎቹን ሁሉ ሰበሰበ፤ ወደ ስልሳ ዓመት የሚጠጋውን ወረቀት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ፣ የሱቅ ሒሳብ በሚያውቅ እጁ ይደምርና ያወዳድር ጀመር።

ከመደመሩ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ይህን የሚጽፈው ማነው?

ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። ሰው ሲሞት የአጥቢያው ደወል ይደወላል። ያን ጊዜ ለዚሁ ሥራ ቃለ መሐላ የፈጸሙ ሁለት አሮጊቶች ወደ ለቅሶው ቤት ይመጣሉ። አስከሬኑን ገልጠው ያያሉ፣ ቤተሰቡን ይጠይቃሉ፣ ምክንያቱን ለአጥቢያው ጸሐፊ ይነግራሉ። ጸሐፊው ማክሰኞ ማታ ዝርዝሩን ወደ ጸሐፊዎቹ ማኅበር አዳራሽ ይወስዳል፣ ረቡዕ ተደምሮ ይታተማል፣ ሐሙስ ይሸጣል። አሮጊቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከአጥቢያው ምጽዋት እየተቀበሉ የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። ለአንድ አስከሬን የሚከፈላቸው አራት ፔኒ ነው። ማንበብ ያስተማራቸው የለም፣ ሕክምና ያስተማራቸው የለም። ስማቸው በዝርዝሩ ላይ አይወጣም። የለንደን የሞት መዝገብ ሁሉ ግን የተሠራው በእነሱ ዓይንና በእነሱ እጅ ነው።

ግራንት በዘመኑ እንደነበሩት ሐኪሞች በእነዚህ ሴቶች አልሳቀባቸውም። አመዛዘናቸው። አንድ ሰው በእርጅና መሞቱን፣ መስመጡን፣ በፈንጣጣ ቆዳው መበላሸቱን ለማወቅ ዶክተር አያስፈልግም፣ ለእኔ ሒሳብ ይህ ይበቃል አለ። የማይታመኑበትንም ለይቶ አወጣ። ለምሳሌ ቂጥኝን ወሰደ። በሃያ ዓመት ውስጥ ከሞቱት 229,250 ሰዎች መካከል በቂጥኝ ሞቱ የተባሉት አራት መቶ እንኳ አይሞሉም፤ በሽታው ግን ከተማዋን ሞልቶ ነበር። ግራንት የት የት አጥቢያ እንደተመዘገቡ ሲያይ፣ ሁሉም የመጡት እጅግ የተናቁ ሰዎች ይኖሩባቸው ከነበሩ ሁለት አጥቢያዎች ብቻ ሆኖ አገኘው። የተቀረው የት ሄደ? ቤተሰቡ ለአሮጊቶቹ አንድ ብርጭቆ ቢራ ይሰጣል፣ ክፍያውን እጥፍ ያደርጋል፣ ሟቹም በቁስል ወይም በክሳት ሞተ ተብሎ ይጻፋል። በትክክለኛው ስሙ የተመዘገበው ተከራካሪ ወገን የሌለው ብቻ ነበር።

ይህን ሳነብ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዘልዬ አዲስ አበባ ደረስኩ። በ2001 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ የመቃብር ቦታዎች ቀብር መመዝገብ ጀምረው ነበር፤ ብዙ ሰው ቤቱ ስለሚሞት የሞቱን ምክንያት የሚናገረው ቤተሰብ ነው። ኤድስ ሰው የሚፈጅበት ጊዜ ነበር። ለቀስተኛ ደግሞ ያን ቃል አይናገርም፤ የሳንባ በሽታ ነው ይላል፣ ነቀርሳ ነው ይላል። ተመራማሪዎቹ እነዚህን ቃላት ውሸት ናቸው ብለው አልጣሏቸውም፤ የትኛው ቃል ምን እንደሚሸፍን አጥንተው ለግምታቸው ተጠቀሙባቸው። የክር ነጋዴው ዘዴ በትክክል ይኸው ነበር። እናቶቻችን ስልክ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ትንሽ አሟት ነው ሲሉ የሰማን ልጆች፣ ይህን ከማንም ፕሮፌሰር በፊት የምናውቀው ይመስለኛል።

ሪኬትስንም ተመልከቱ። በሽታው በዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የታየው በ1634 ነው፣ 14 ሟች ተመዝግቦ። በ1660 ከአምስት መቶ በላይ ሆነ። ግራንት አዲስ በሽታ መጣ ብሎ አልጮኸም። በፊት በሌላ ስም ይጻፍ የነበረ እንደሆነስ ብሎ ተመሳሳይ የሆነውን የጉበት ማበጥ መስመር ወደ ኋላ ሄዶ ፈተሸ። ዛሬም አንድ ምርመራ ሲስፋፋና ቁጥሩ ሲጨምር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

የቀረውን ግኝቱን በአጭሩ ልንገራችሁ። ከሚሞቱት ሦስት ሰዎች አንዱ በሕፃናት በሽታ የሚሞት መሆኑን አሳየ። ዕድሜ በዝርዝሩ ላይ አይጻፍም ነበርና፣ ከመቶ ልጆች 36ቱ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ከበሽታዎቹ ዓይነት ተነስቶ አሰላ። ወንዶች ከሴቶች ትንሽ በልጠው እንደሚወለዱ በቁጥር ያሳየ እሱ ነው፤ ለንደን ላይ ለ13 ሴት 14 ወንድ። ሰው የሚፈራውና የሚገድለው እንደሚለያይም አየ፤ በዚያ ሁሉ ሃያ ዓመት ተገድለው የሞቱት 86 ብቻ ነበሩ። የለንደን ሕዝብ በሚሊዮኖች ይቆጠራል ይባል ስለነበረ እሱንም ሞከረው። በዓመት 12 ሺህ ልጅ ይወለዳል፤ ለመውለድ የደረሰች ሴት በሁለት ዓመት አንዴ ብትወልድ 24 ሺህ እናቶች አሉ ማለት ነው፤ ቤተሰቡ የዚህ እጥፍ ነው፣ በአንድ ቤት ከነአገልጋዩ ስምንት ሰው አለ። ውጤቱ 384,000። ዘዴው ሻካራ ነው፤ ግን ከሚሊዮኖቹ ወሬ እጅግ የተሻለ ነበር።

መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ሮያል ሶሳይቲ አባል አደረገው። ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ራሱ ደገፈው፤ እንዲህ ያለ ነጋዴ ሌላ ካገኛችሁ ሳትወላውሉ ሁሉንም አስገቡ ብሏል ተብሎ ይነገራል።

ሦስት ዓመት ሳይቆይ በ1665 ቸነፈሩ መጣ። የታመመ ሰው የተገኘበት ቤት በር ላይ ቀይ መስቀል ይሳላል፣ ጤነኛውም ከበሽተኛው ጋር ለአርባ ቀን ይዘጋበታል። አሮጊቶቹ ሰው እንዲርቃቸው በትር ይዘው እንዲሄዱ ታዘዙ። አሁን የእነሱ አንድ ቃል የአንድ ቤት ሰው ሁሉ ይኖር ወይ ይሞት እንደሆነ ይወስን ነበር። በሴፕቴምበር በአንድ ሳምንት ብቻ 7,165 ሰው በቸነፈር ሞተ ተብሎ ተጻፈ፤ የዓመቱ 68,596 ሆነ። ግራንት ይህ ቁጥር እንዴት እንደሚጎድል ቀድሞ አሳይቶ ነበር። በ1625ቱ ቸነፈር በሌላ በሽታ ሞቱ የተባሉት ከተለመደው እጅግ በዝተው ስላገኛቸው፣ ቸነፈሩ ከተመዘገበው አንድ አራተኛ ያህል የበለጠ ሰው ገድሏል ብሎ ደምድሟል። የደበቁትን ሰዎች አልፈርድባቸውም። ልጆቼን ከሚያስሞት በር ለማዳን አንዲት ምስኪን አሮጊት በሁለት ሳንቲም ማባበል ብቻ የሚበቃ ቢሆን፣ እኔም የማደርገውን አውቃለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ሴፕቴምበር ታላቁ እሳት ከ13 ሺህ በላይ ቤት በላ፤ የግራንትም ቤት አብሮ ነደደ። ፔቲ እንዲሠራ ገንዘብ ሰጠው፤ ንግዱ ግን አላገገመም። በዚያ ላይ ካቶሊክ ሆነ። ካቶሊክነት በዚያ ዘመን እንግሊዝ የከተማ ሹመት የሚያሳጣ ነገር ነበርና የነበረውን ሁሉ ለቀቀ። ከሞተ በኋላ ደግሞ የባሰ ወሬ ወጣበት፦ የውኃ ኩባንያው ባለሥልጣን ሆኖ፣ ከተማዋ እንድትቃጠል እሳቱ ሊነሳ ሲል ቧንቧውን ዘጋ ተባለ። ወሬውን ቢሸፕ በርኔት በታሪክ መጽሐፉ ጭምር አስገባው። የኩባንያው መዝገብ ግን ግራንት ወደ ቦርዱ የገባው እሳቱ ከጠፋ ከሳምንታት በኋላ መሆኑን ያሳያል። ሌላው ወሬ መጽሐፉን የጻፈው ፔቲ ነው የሚል ነበር። እኔ አላምነውም። ፔቲ በራሱ መጻሕፍት ከትንሽ ቁጥር ትልቅ መደምደሚያ ላይ የሚዘል ሰው ነው፤ የሟቾቹ መጽሐፍ ጸሐፊ ግን እያንዳንዱን ቁጥር ከየት መጣህ እያለ የሚጠይቅ፣ ሳንቲም እንዳይጎድልበት የሚጠነቀቅ ባለሱቅ ነው።

ግራንት አፕሪል 18 ቀን 1674 በወፍ በሽታ ሞተ፤ 54 ዓመት ሊሞላው ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። የወፍ በሽታ በሳምንታዊው ዝርዝር ላይ የራሱ መስመር ነበረው። ፍሊት ስትሪት ላይ በሚገኘው በቅዱስ ዳንስታን ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ፔቲ እያለቀሰ ቆሞ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጽሐፉ አምስተኛ እትም ወጣ፤ ያሳተመው ፔቲ ነው፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ግን የግራንት ነበር።