እንዶድና ዶክተር አክሊሉ ለማ

በእንዶድ የታጠበ ነጠላ ምን ያህል እንደሚነጣ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ። ይህ የእናቶች ዕውቀት በሳይንስ መዝገብ ለመግባት ግን ብዙ ዘመንና ብዙ ገንዘብ ጠይቋል። ነገሩ ከአንድ የጅጅጋ ተወላጅ ሕይወት ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ለተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች ልናቀርበው ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1935 በጅጅጋ ተወለዱ። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት እኚህ ሰው፥ በ1964 ቢልሃርዚያን ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄዱ። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሆድ ነው። ዶክተሩም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከአጣቢዎቹ አንዲቱን ለምነው አረፋውን በሕይወት ወዳሉት ቢያስጨምሩ፥ እነዚያም ሞቱ።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂን ተቋም የመሠረቱት እርሳቸው ናቸው፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በዐድዋ እንዶድ ለአምስት ዓመት በውኃው ላይ ቢረጭ፥ በሽታው በትንንሾቹ ሕፃናት ዘንድ ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ።

በውጭ ያሉት ባለሥልጣኖች ግን እንዶድ ሰውን አለመጉዳቱ በታወቁ የውጭ ላቦራቶሪዎች እንዲረጋገጥ ጠየቁ። እንዶድ ዓሣን ይገድላልና ጥንቃቄው አይነቀፍም። የሚያሳዝነው ግን ወጪውን የሚሸፍን መጥፋቱ ነው፤ በጓሮ የሚበቅል ተክል ለነጋዴ ትርፍ የለውም፥ ታማሚውም ድሃ ገበሬ ነው። ምርመራው በካናዳ ርዳታ እስኪፈጸም ድረስ ሩብ ምዕት ዓመት አለፈ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ባለዛጎል ፍጥረት ቢበዛ፥ እንዶድ እርሱንም እንደሚገድል ታወቀ፤ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲም ፈጥኖ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣበት።

ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1997ም ዐረፉ።

እኛ እንደሚመስለን፥ ላቦራቶሪያችን በራሳችን ገንዘብ እስካልቆመ ድረስ ያገኘነውን እውነት የሚያጸድቅልን ሌላ ነው። በኤረርም ሆነ በጅጅጋ ውኃ ዳር የምታጥብ እናት ያየ ተማሪ ቆም ብሎ ይጠይቃት፤ ዶክተሩም የጀመሩት ከዚያ ነው።