ቫሲሊ ካንዲንስኪ፦ የሕግ ወንበሩን ትቶ ብሩሽ ያነሣው መምህር

በአውሮፓ ሙዚየሞች ሱቅ ከሚሸጡት ፖስት ካርዶች መካከል ሰው፣ ቤት ወይም ዛፍ የማይታይባቸው፣ ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ብቻ ከክብና ከሦስት ማዕዘን ጋር የተዋሐደባቸው ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው ካርድ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የምን ሥዕል እንደሆነ ነው። አንዳንዱም ሕፃን የሞነጫጨረው ነው ብሎ ይተወዋል። እኛ ግን ከመፍረዳችን በፊት የሠዓሊውን ሕይወት ማወቅ ይበጃል ብለን ታሪኩን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቫሲሊ ካንዲንስኪ በ1866 በሞስኮ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ኦዴሳ ስለተዛወረ ያደገው እዚያ ነው። ፒያኖና ቼሎ መጫወትም ተማረ። በ1886 ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግና ኢኮኖሚክስ አጠና። በ1889 ለጥናት ወደ ሰሜናዊው የቮሎግዳ አውራጃ በሄደ ጊዜ የገበሬዎቹን ቤት አየ። ግድግዳው፣ ዕቃው፣ ሁሉም ነገር በደማቅ ቀለም አጊጦ ስለነበር ሥዕል ውስጥ የገባ ያህል ተሰማው። ይህም ትዝታ ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም።

በ1896 ሕይወቱን የለወጡ ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው፣ ሞስኮ ውስጥ በተከፈተ ኤግዚቢሽን የፈረንሳዊውን የክሎድ ሞኔን ሥዕል ማየቱ ነው። ሥዕሉ የድርቆሽ ክምር ነው፤ ካንዲንስኪ ግን ዝርዝሩን አንብቦ እስኪረዳ ድረስ ምን እንደሆነ አልለየውም ነበር። ታዲያ ነገሩን ሳይለይ ቀለሙ እንዴት ልቡን ሊነካው ቻለ? ጥያቄው አብሮት ቀረ። ሁለተኛው ደግሞ፣ ዛሬ ታርቱ በሚባለው በኢስቶኒያው የዶርፓት ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህርነት ቀረበለት። እንግዲህ አስቡት፤ ዕድሜው ሠላሳ ነው፣ ባለትዳር ነው፣ የተከበረ ወንበርና የወር ደመወዝ ይጠብቁታል። እሱ ግን ይህን ሁሉ ትቶ ሥዕል ከሀ ሁ ሊጀምር ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ሙኒክ ሄደ።

እዚያም በዕድሜ ከሚያንሱት ወጣቶች ጋር ተቀምጦ ተማረ፤ በ1900 ወደ ሙኒክ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገባ። በ1901 ከጓደኞቹ ጋር ፋላንክስ የሚባል ማኅበር መሥርቶ በማኅበሩ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ከተማሪዎቹ አንዷ ጋብርኤለ ሙንተር ነበረች። ከጊዜ በኋላ አብረው ኖሩ፣ ሙርናው በምትባል መንደርም አብረው ሣሉ።

በነዚያ ዓመታት በሥዕሎቹ ላይ ተራራውና ቤቱ እየሟሟ፣ ቀለሙና መስመሩ እየጎላ መጣ። ሙዚቃ ምንም ነገር ሳይስል በድምፅ ብቻ ሰውን ካስለቀሰ፣ ቀለምስ ለምን አይችልም የሚል ነበር እምነቱ። ይህን ሐሳብ በ1911 መጨረሻ በወጣው መጽሐፉ አብራራ። በዚያው ዓመት ከፍራንዝ ማርክ ጋር ሰማያዊው ፈረሰኛ የተባለውን ቡድን አቋቋመ። በ1913 የሣለው ሰባተኛው ኮምፖዚሲዮን ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ግዙፍ ሥዕል ነው። ዝም ብሎ የተረጨ ቀለም የሚመስለው ካለ ይህን ይወቅ፤ ሸራው ላይ ሥራው ያለቀው በአራት ቀን ቢሆንም ከዚያ በፊት ከሠላሳ የሚበልጡ የዝግጅት ንድፎችን ሠርቶለታል።

በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ ወደ ሩስያ ተመለሰ። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ በሙዚየሞችና በሥነ ጥበብ ትምህርት ሥራ ላይ ቆይቶ በ1921 መጨረሻ እንደገና ወደ ጀርመን ሄደ። በ1922 ባውሃውስ በሚባለው የጥበብና የዕደ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። እኛን ዕጩ መምህራንን ይበልጥ የሚመለከተን ይህ ዘመኑ ነው። ወንበር፣ ቅርጫትና መሰላል የመሳሰለውን ይከምርና ተማሪዎቹ መጀመሪያ እንዳለ፣ ቀጥሎ አቅልለው፣ በመጨረሻም የክምሩን ኃይል የሚያሳዩትን መስመሮች ብቻ አስቀርተው እንዲሥሉ ያደርግ ነበር። ለሦስት ቅርጾች ሦስት ቀለማት እንዲመርጡ የሚጠይቅ ወረቀትም ታድሏል። የሱ እምነት ሦስት ማዕዘን ቢጫ፣ አራት ማዕዘን ቀይ፣ ክብ ሰማያዊ ነው የሚል ነበር።

ስለ ፖስት ካርድ ከተነሣም፣ ባውሃውስ በ1923 በቫይማር ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ መምህራንና ተማሪዎች የነደፏቸውን 20 ፖስት ካርዶች አትሞ ለማስታወቂያ አሰራጭቷል። አንዱ የካንዲንስኪ ነበር። ታላቁ ሠዓሊ በፖስታ ቤት ለሚያልፍ ትንሽ ወረቀት መሥራትን አልናቀም።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ባውሃውስ ተዘጋ፤ ካንዲንስኪም ፓሪስ አጠገብ ወደምትገኘው ኔዪ ተሰደደ። ሥራዎቹ ከጀርመን ሙዚየሞች ተወረሱ። በ1937 ሙኒክ ውስጥ ሕዝብ እንዲሳለቅባቸው በተዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ ከተሰቀሉት መካከልም የሱ ሥዕሎች ነበሩበት። በታኅሣሥ 1944፣ 78 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው በስደት አገሩ ሞተ።

ሥዕሎቹስ እንዴት ተረፉ? የቀድሞ ተማሪው ሙንተር ከሱ ጋር ተለያይታ፣ እሱም ሌላ ሴት አግብቶ ሳለ፣ እጇ ላይ የቀሩትን ሥዕሎች በናዚ ዘመን ሙርናው ባለው ቤቷ ምድር ቤት ደብቃ አቆየቻቸው። በ1957 ሰማንያ ዓመቷን ስታከብር ለሙኒክ ከተማ ሙዚየም አስረከበች። ዛሬ በፖስት ካርድ ከምናያቸው ሥዕሎቹ ብዙዎቹ እሷ ያተረፈቻቸው ናቸው።

በአገራችንም በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ የተመለሰው ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እያስተማረ ረቂቅ ሥዕልን ካስተዋወቁት ቀደምት አንዱ ነው። እሱም የምን ሥዕል ነው ከሚለው ጥያቄ አላመለጠም።

እንግዲህ ነገ ገጠር ስንመደብ ሙዚየም የለም፤ ፖስት ካርድ ግን በደብተር መሐል ይያዛል፣ ጥሩ የትምህርት መርጃም ይሆናል። ሆኖም አንድ ነገር እንጠንቀቅ። አሥር በአሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርድ ከሰባተኛው ኮምፖዚሲዮን አራት መቶ ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ የሥዕሉን ትክክለኛ መጠን ግቢው መሬት ላይ በኖራ አስምረን ለተማሪዎቻችን እናሳይ። ከዚያም ምን ይመስላል ብለን ከመጠየቅ ይልቅ፣ የትኛው ቀለም ወደ እናንተ ይመጣል፣ የትኛውስ ይሸሻል ብለን እንጠይቃቸው። መልሳቸው ቢለያይም አንቆጣ፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።