ዊልያም ኸርሸል፦ በጉልበት የተገዛ ቴሌስኮፕ

ዊልያም ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1738 በሃኖቨር ከሙዚቀኛ ቤተሰብ ተወለደ። በ1757 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በሙዚቃ መተዳደር ጀመረ፤ ኋላም በባዝ ከተማ በአንድ ጸሎት ቤት ኦርጋን ተጫዋች ሆነ። በ1773 ፊቱን ወደ ሥነ ፈለክ ሲያዞር ግን የገንዘብ ችግር ገጠመው። የተከራየው ቴሌስኮፕ ትንሽ ነበር፤ የሚፈልገው ትልቅ መስተዋት ደግሞ ዋጋው ከአቅሙ በላይ ሆነ።

ስለዚህ ራሱ ለመሥራት ቆረጠ። መስተዋት መሞረድን ከተወ አንድ የባዝ ነዋሪ ያገለገሉ መሣሪያዎችን ገዛ። በመስተዋት የሚሠራ ቴሌስኮፕን መምረጡም ወጪውን አቃለለለት፤ ጥሩ የሌንስ ቴሌስኮፕ ንጹሕ ብርጭቆና አራት የተስተካከሉ ገጾች ሲፈልግ፣ ከመዳብና ከቆርቆሮ ቅይጥ ለሚሠራው ዋና መስተዋት በጥንቃቄ የሚስተካከለው ገጽ አንድ ብቻ ነው። ያን ገጽ ወደ ትክክለኛው ጎድጓዳ ቅርጽ ማድረስ ግን ረጅም ድካም ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ኸርሸል ለ16 ሰዓታት እጁን ከሥራው ሳያነሣ ሲወለውል፣ እኅቱ ካሮላይን ምግብ ታጎርሰው ነበር።

መጋቢት 13 ቀን 1781 ምሽት፣ ዲያሜትሩ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ መስተዋት ባለው የእጅ ሥራው አንድ እንግዳ አካል አየ። መጀመሪያ ጅራታም ኮከብ መስሎት ነበር፤ በኋላ ግን ዛሬ ዩራነስ የምንለው ፕላኔት መሆኑ ተረጋገጠ። በዚህም ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ በዓመት 200 ፓውንድ ስለ ቆረጡለት ሙዚቃውን ተወ፤ ገቢውንም ቴሌስኮፕ እየሠራ በመሸጥ ይደጉም ጀመር።

በ1789 የተጠናቀቀው ባለ 40 ጫማው ቴሌስኮፕ ከንጉሡ 4000 ፓውንድ ተሰጥቶት የተሠራ ነው። ይሁንና ግዙፍነቱ ለአጠቃቀም አስቸጋሪ አደረገው። ከ2000 በላይ ኔቡላዎችና የኮከብ ክምችቶች የተመዘገቡት በዋናነት በግማሽ ርዝመቱ፣ በባለ 20 ጫማው ነበር።

ኸርሸል በ1822 ዐረፈ። ሕይወቱ እንደሚያሳየው፣ በእጅ የተሠራ መሣሪያ ርካሽ የሚሆነው ከገንዘብ የዳነው ወጪ ወደ ጊዜና ወደ ጉልበት ስለሚዛወር ነው። የዚያ ጉልበት አንዱ ክፍል የካሮላይን ነበር፤ እርሷም የረዳትነት ደመወዝ፣ ይኸውም በዓመት 50 ፓውንድ፣ ያገኘችው በ1787 ነው። እንግዲህ የአነስተኛ ወጪ መሣሪያን ዋጋ የሚያሰላ ተመራማሪ የቁሳቁሱን ሒሳብ ብቻ ይዞ ቢነሣ ስሌቱ ይጎድላል።