ማክስ ፕላንክና የጋለ ብረት ቀለም

ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከቤታችን አጠገብ፣ ብረት የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ማረሻ ለማሳል በተላክሁ ቁጥር ወናፉን እየረዳኋቸው ብረቱን እመለከታለሁ። መጀመሪያ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ቀጥሎ ብርቱካንማ፣ ኋላም ወደ ነጭ የሚያደላ ቢጫ ይሆናል። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ ከአባታቸው የተማሩት ቀለሙን አይቶ መምታትን ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። ዘንድሮ በፊዚክስ ትምህርት እንደ ተረዳሁት ግን በዚሁ ጥያቄ የጀርመኑ ሊቅ ማክስ ፕላንክም ብዙ ዓመት ደክመውበታል።

ፕላንክ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 በኪል ከተማ ተወለዱ። በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ለመማር ባሰቡ ጊዜ ፊሊፕ ፎን ዮሊ የተባሉ መምህር፣ በዚህ ጥበብ ዋናው ነገር ሁሉ ተፈጽሞ የቀረው ጥቃቅን ቀዳዳ መድፈን እንደ ሆነ ነግረው ሊያስቀሩዋቸው ሞከሩ። እንዲህ ያለ ምክር ለእኛ ክፍል ቢሰጥ ኖሮ ስንቶቻችን በደስታ በተቀበልነው! ፕላንክ ግን የታወቀውንም ቢሆን ጠልቀው ለመረዳት ፈልገው ገቡበት።

በ1900 በኦክቶበር ወር አንድ እሑድ፣ ሄንሪክ ሩበንስ የተባሉ ባልንጀራቸው ከባለቤታቸው ጋር በርሊን ወደሚገኘው ቤታቸው ለጥየቃ መጡ። ከጋለ አካል የሚወጣውን ጨረር ቢለኩት በረጅም ሞገድ በኩል ከቀድሞው ቀመር ጋር አልገጥም እንዳላቸው አወሩ። እንግዶቹ እንደ ሄዱ ፕላንክ የሚገጥመውን ቀመር በዚያው ምሽት አገኙ። ምክንያቱን ለማግኘት ግን ሳምንታት ፈጀባቸው። ዲሴምበር 14 ቀን ለሊቃውንት ጉባኤ ሲያስረዱ፣ ኃይል እንደ ውሃ ሳይቋረጥ የሚፈስ ሳይሆን እንደ እህል በፍሬ በፍሬ የሚቆጠር አድርገው አቀረቡት። የአንዱ ፍሬ ኃይል የሚገኘው የሞገዱን ድግግሞሽ በአንድ ኢምንት ቁጥር በማባዛት ነው፤ ቁጥሩም በጁል ሴኮንድ ከነጥብ በኋላ 33 ዜሮ ተጽፎ 6626 ይከተላል። ስለዚህ ብረቱ ገና ሲግል ትንሹን የቀይ ፍሬ ይሰጣል፤ ትልልቁን የሰማያዊ ፍሬ በብዛት ለመስጠት ግን ብዙ ሙቀት ያስፈልገዋል። ብርሃን ራሱ ፍሬ መሆኑን በ1905 የገለጸው አይንስታይን ነው፤ ፎቶን የሚለውም ስም የተለመደው ከ1926 ወዲህ ነው።

አንድ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ስለ ሆነ ለአንድ ኤሌክትሮን 1.5 ኤሌክትሮን ቮልት ይሰጣል። የቀይ ብርሃን ፎቶን 1.8 ገደማ፣ የወይን ጠጁ 3.1 ገደማ አለው። የኤፍ ኤም ራዲዮ ፎቶን የአንዱን ኤሌክትሮን ቮልት ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም፤ የሆስፒታሉ ራጅ ግን በአሥር ሺዎች ይቆጠራል።

ባለፈው ታኅሣሥ በገብስ ውቂያ ቀን ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው ብዬ ባርኔጣ ሳላደርግ ዋልሁ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ የአፍንጫዬ ቆዳ ተላጠ። እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ምድጃ ዳር ስትቀመጥ እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰባትም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የእሳት ፎቶኖች አብዛኞቹ ከቀዩ ያነሱ ናቸውና ቢበዙም ያሞቃሉ እንጂ እያንዳንዳቸው የቆዳን ንጥረ ነገር አይሰብሩም። 4 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ያለው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ፎቶን ግን ይጐዳል፤ አሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለ ሆነች የሚከልለን አየር ስስ ነው።

ፕላንክ ተራራ መውጣት ይወዱ ነበርና ጭላሎን ቢያዩ ደስ ባላቸው። ኑሮአቸው ግን ኀዘን የበዛበት ነበረ። ሚስታቸው በ1909 ሞቱ። ልጃቸው ካርል በ1916 በቬርደን ጦርነት ወደቀ። መንታ ሴቶች ልጆቻቸው አንዷ በ1917፣ ሁለተኛዋ በ1919 በወሊድ ምክንያት ሞቱ፤ የ1918 የኖቤል ሽልማት ለእርሳቸው መወሰኑ የተሰማውም በዚያው በ1919 ነው። በ1944 ቤታቸው ከነመጻሕፍታቸው በቦምብ ተቃጠለ። በጃንዋሪ 1945 ደግሞ ልጃቸው ኤርቪን በሂትለር ላይ ከተደረገው ሤራ ጋር ተያይዞ በሞት ተቀጣ፤ ሽማግሌው አባት ምሕረት ቢለምኑም አልተሰማላቸውም።

ፕላንክ በጐቲንገን ከተማ ኦክቶበር 4 ቀን 1947 በ89 ዓመታቸው ዐረፉ። በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ ከላይ ስማቸው፣ ከታች ያ ኢምንት ቁጥር ተቀርጾአል።