ታዚዮ ኑቮላሪ፦ ውድድሩ ሳያልቅ እጅ የማይሰጠው ሾፌር

24 ሰዓት የፈጀ የመኪና ውድድር በ400 ሜትር ልዩነት አለቀ ቢባል ለማመን ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በጁን 1933 በፈረንሳይ ለ ማን የሆነው ግን ይኸው ነው። ቀንና ሌሊት ሲነዳ አድሮ ከ3,100 ኪሎ ሜትር በላይ የሄደው መኪና ተከታዩን የቀደመው በ400 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። በመጨረሻው ሰዓት መሪውን የያዘው ሰው ጣሊያናዊው ታዚዮ ኑቮላሪ ነው።

ኑቮላሪ የተወለደው ኖቬምበር 16 ቀን 1892 በሰሜን ጣሊያን፣ ማንቶቫ አጠገብ ባለችው ካስቴል ዳሪዮ ነው። አባቱ ገበሬ ነበሩ፤ አጎቱ ደግሞ ስማቸው የታወቀ የብስክሌት ተወዳዳሪ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሠራዊቱ መኪና ነዳ። በሞተር ሳይክል መወዳደር የጀመረው በ1920፣ በ27 ዓመቱ ነው። ሰውዬው አጭርና ቀጭን ስለነበር ያየው ሁሉ ጉልበተኛ አይለውም። በ1925 ሞንዛ ላይ መኪና ሲሞክር ክፉኛ ተጋጨ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ሰውነቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ሰዎች ሞተር ሳይክሉ ላይ አስቀመጡት፤ በዝናብ ተወዳድሮም አሸነፈ።

ከቫርዚ ጋር የነበረው ፉክክር

ትልቁ ተፎካካሪው የአገሩ ልጅ አኪሌ ቫርዚ ነበር። በ1930ው የሚሌ ሚሊያ ውድድር መኪኖቹ የሚነሱት በየተራ በመሆኑ ማን እየመራ እንደሆነ መንገድ ላይ ማወቅ ቀላል አልነበረም። ቫርዚ ቀድሞ ተነሳ። ኑቮላሪ ከኋላ ተነስቶ ንጋት ላይ ደረሰበትና አልፎት ሄደ። ቫርዚ እንዳያየው የፊት መብራቱን አጥፍቶ ተከተለው የሚለው ታሪክ እስከ ዛሬ ይወራል። በሰዓት ስሌት ግን ከመድረሱ በፊትም ይመራ የነበረው ኑቮላሪ ነው።

በ1933 ሞናኮ ላይ ደግሞ ሁለቱ 100 ዙር ባለው ውድድር መሪነቱን ሲቀባበሉ ዋሉ። ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነስቶ ሲጠብቅ፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የኑቮላሪ ሞተር ጨሰና ቆመ። መኪናውን ወርዶ ሊገፋ ሞከረ፤ አልሆነም፣ ድሉ የቫርዚ ሆነ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ትሪፖሊ ላይ ልዩነቱ ከዚህም ጠበበ፦ ቫርዚ የቀደመው በሰከንድ ሁለት አስረኛ ነው። ውድድሩ ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝ ሎተሪ ስለነበረው፣ ሾፌሮቹ ከቲኬት ባለቤቶች ጋር ተስማምተዋል የሚል ሐሜት ለዓመታት ተወራ። በኋላ ጉዳዩን የመረመሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን የወሬው አብዛኛው ክፍል የተጋነነ እንደሆነ ጽፈዋል።

በዚያው ዓመት የመጣው ለ ማን ነው። ኑቮላሪና ጓደኛው ሬይሞን ሶመር በሰፊው እየመሩ ሳለ የቤንዚን ሰልባትዮው ማፍሰስ ጀመረ። ቀዳዳውን በማስቲካ ደፈኑት፤ ቢሆንም ለመጠገንና ለመሙላት ሲቆሙ የያዙት ሰዓት አለቀ። መጨረሻ ላይ ሉዊጂ ኪኔቲ አለፈው፣ እሱም መልሶ አለፈው። ኑቮላሪ በዚያች 400 ሜትር አሸነፈ።

ጀርመን፣ 1935

ብዙዎች ትልቁ ድሉ የሚሉት ግን በጁላይ 28 ቀን 1935 ኑርቡርግሪንግ ላይ ያገኘውን ነው። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ ሁለት ዓመት አልፏል፤ የኑረምበርግ ሕጎች ሊወጡ ሁለት ወር እንኳ አልቀረም። ዘጠኝ የጀርመን መኪኖች ተሰልፈዋል፣ ሁሉም በጉልበት ከእሱ አሮጌ አልፋ ሮሜዮ ይበልጣሉ። ቤንዚን ለመሙላት ሲቆም ፓምፑ ተበላሸና ከሁለት ደቂቃ በላይ ባከነበት። ከዚያ አንድ በአንድ እያለፈ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። የመጨረሻው ዙር ሲጀመር መሪው ማንፍሬድ ፎን ብራውኪች ገና ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቀድመው ነበር። ጀርመናዊው ግን ኑቮላሪን ለማራቅ ሲል ጎማውን ጨርሶት ነበርና መድረሻው ሲቃረብ ጎማው ፈነዳ። ድሉን ለማክበር የመጡት የናዚ ባለሥልጣናት ጣሊያናዊውን ለመሸለም ተገደዱ። የኑቮላሪ አገርም ቢሆን በፋሺስቶች እጅ ነበረች፤ የሙሶሊኒ ጦር ኢትዮጵያን የወረረው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ነው።

ያልተመለሰው ኪሳራ

በመንገድ ላይ የጠፋ ሰከንድ ሊመለስ ይችላል። በ1937 ለውድድር ወደ አሜሪካ በመርከብ ሲጓዝ የመጀመሪያ ልጁ ጆርጆ በበሽታ መሞቱን ሰማ። በ1946 ሁለተኛው ልጁ አልቤርቶም እንዲሁ በበሽታ ሞተ። ሁለቱም ሲሞቱ 18 ዓመታቸው ነበር። ኑቮላሪ ሌላ ልጅ አልነበረውም። መኪናውን ግን አልተወም።

የእሱም ሳንባ በመኪና ጭስ ተጎድቶ ነበር። በ1948፣ በ55 ዓመቱ፣ ለሚሌ ሚሊያ ፌራሪ ያዘ። ፓራፋንጎው ወደቀ፣ ኮፈኑ ተገንጥሎ ሄደ፣ እሱ ግን መምራቱን አላቆመም። በኋላ ባሌስትራው ላይ በደረሰ ብልሽት መኪናው ቆመ። የመጨረሻ ውድድሩ በኤፕሪል 1950 ፓሌርሞ አጠገብ ዳገት መውጣት ሲሆን፣ በመደቡ አንደኛ ወጣ።

ኦገስት 11 ቀን 1953 ማንቶቫ ውስጥ አረፈ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሸኘው። የተቀበረው የውድድር ልብሱን እንደለበሰ ነው።